ኢንፍራሬድ ካሜራዬ ሰማዩን በጥቁር ነጥብ ሞላው፤ ሴንሰሩን ራሴ ላጽዳው?

የጥቅምት ብርሃን (ጎንደር) — እሑድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ የድሮ ካኖን 350ዲ አመጣችልኝ። ለኢንፍራሬድ የተቀየረ ነው። ከሴንሰሩ (ምስሉን ከሚቀበለው ክፍል) ፊት የነበረው መስታወት ወጥቶ 720 ናኖሜትር የሚባለው፣ ኢንፍራሬዱን ብቻ የሚያሳልፈው ፊልተር ገብቶበታል። ቅዳሜ ይዤው ጎርጎራ ወረድኩ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ሳየው ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከልጅነቴ የማውቀው ዋንዛ ነጭ ሆኗል። ቅጠሉ ላይ ጥጥ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። አጠገቡ ያለው ጽድ ግን እንደዚያ አልነጣም፤ ግራጫ ነው። የጣና ውሃ ጠቁሯል። ውሃው ላይ ደግሞ ነጭ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ይታያል። በዓይኔ ሳየው አረንጓዴ ነበር። እምቦጭ ነው።

ችግሩ ሰማዩ ነው። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው በጥቋቁር ነጥቦች ተሞልቷል። 17 ቆጠርኩ። ሁሉም ፎቶ ላይ ቦታቸው አንድ ነው። ሌላኛው ካሜራዬ ላይ በዚሁ ሌንስ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሌንሱን ወለወልኩት፣ ለውጥ የለም።

ሴንሰሩ ቆሽሾ ነው? ከሆነ ራሴ ላጽዳው ወይስ አዲስ አበባ ልላከው? ይህን ካሜራ ባበላሸው ሌላ አላገኝም። ፈርቻለሁ።

አራት ማዕዘን (አዲስ አበባ) — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:05

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ፎቶዎቹ ልብ ይነካሉ።

ሌንሱን ተዪው። ሌንስ ላይ ያለ አቧራ እንዲህ ቁልጭ ያለ ነጥብ አይሠራም። ነጥቡ ከፎቶ ፎቶ ቦታውን ካልቀየረ ከሴንሰሩ በኩል ነው። እንዲያውም ሴንሰሩ ራሱ አይደለም የሚቆሽሸው። ፊቱ ላይ መስታወት አለ፣ አቧራው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አንቺ ካሜራ ላይ ያ መስታወት የኢንፍራሬድ ፊልተሩ ነው።

ለማጽዳት ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ እንየው። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 16 አድርጊ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። ፎከሱን ወደ ማንዋል ቀይረሽ ምስሉ ድብዝዝ እንዲል አድርጊው። ከዚያ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሺ። ስታነሺ ካሜራውን ትንሽ አንቀሳቅሺው። የግድግዳው ጉድፍ ይጠፋል፣ የሴንሰሩ አቧራ ግን ባለበት ይቀራል። ይህንኑ አፐርቸሩን ሌንሱ እስከሚፈቅደው ከፍተሽ ድገሚው። ነጥቦቹ ከደበዘዙ ወይም ከጠፉ አቧራ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አፐርቸሩ ሲጠብ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ አቧራው ጥላውን ቁልጭ አድርጎ ይጥላል። አፐርቸሩ ሲሰፋ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላው ይሟሟል።

ሌላኛው ካሜራሽ ላይ ለምን አልታየም ላልሽው፣ 350ዲ የ2005 እ.ኤ.አ. ካሜራ ነው፣ አቧራ የሚያራግፍ ነገር የለውም። ካኖን ሴንሰሩን በንዝረት የሚያራግፈውን ያስገባው በ2006 እ.ኤ.አ. በ400ዲ ነው። ለመሆኑ ጎርጎራ ላይ ያነሳሽው በስንት አፐርቸር ነው?

የጥቅምት ብርሃን — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:20

ሁሉንም ማለት ይቻላል በኤፍ 16። ከፈት ሳደርገው ሩቁ ነገር ሁሉ ይደበዝዝብኛል። ፎከስ አደረግሁ ብዬ ሳነሳ ተራራው ጭጋግ የገባበት ይመስላል።

የበረሃ ሌንስ (ዱባይ) — እሑድ፣ ከምሽቱ 4:00

እህቴ፣ እኔ ያጠፋሁትን እንዳትደግሚ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ አሸዋው እንደ ዱቄት ነው። ሌንስ በቀየርኩ ቁጥር ይገባል። አንድ ቀን ቸኩዬ በአፌ እፍ አልኩበት። ምራቅ ረጨሁበት። እሱን ለማንሳት በካናቴራዬ ጫፍ ጠረግሁት። ለስላሳ ጨርቅ ነው ብዬ ነበር። መሀሉ ላይ የነበረችው አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከጨርቁ ጋር ተጎትታ ከዳር እስከ ዳር ጭረት ጥላ አለፈች። አሁንም ፎቶዎቼ ላይ ያ መስመር አለ።

ከዚያ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። በተራ አልኮል ጠርገው መለሱልኝ። ጭረቱ አልጠፋም፣ በላዩ የደረቀ የፈሳሽ ጅራት ተጨመረበት። ስለዚህ በአፍ እፍ ማለት፣ ጨርቅ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ የፋርማሲ አልኮል፣ አንዱንም አትንኪ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የታመቀ አየርም አትመኚው። በውስጡ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ይተፋል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

አዲስ ጀማሪ (ሐዋሳ) — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

ይቅርታ፣ ርዕሱን ላለማስቀየስ ነው። ኢንፍራሬድ ማለት የሙቀት ካሜራ አይደለም እንዴ? በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደቀን እንደነበረው ዓይነት? ታዲያ ቅጠል እንዴት ነጭ ይሆናል፣ ዛፍ ይሞቃል? ደግሞ የተቀየረ ካሜራ ለሌለው ሰው በስልክ መሞከር ይቻላል? አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አለኝ፣ ፈትቼ ፊልተሩን ላውጣው ብዬ አስቤያለሁ።

የድሮ ፊልም (አዲስ አበባ) — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

ልጄ አዲስ ጀማሪ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያንን ካሜራ እንዳትፈታው። ፍላሽ ያለው ካሜራ ውስጥ ካፓሲተር አለ። ባትሪው ወጥቶም 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ይቆያል። ሰው ይጥላል። ይህን የሚሠራ እጁ የለመደ ባለሙያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የሙቀት ካሜራ ሌላ ነው። እሱ የሚያየው ዕቃው ራሱ የሚያወጣውን፣ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ጨረር ነው። የእኛ ኢንፍራሬድ ሞገዱ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ አጭር ነው። ዓይናችን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ያያል። የካሜራ ሴንሰር ግን እስከ 1100 ድረስ ይሰማዋል። ካሜራ ሠሪዎች ቀለሙ እንዳይበላሽ ብለው ከፊቱ መከልከያ መስታወት ያደርጉበታል። የጥቅምት ብርሃን ካሜራ ላይ የወጣው እሱ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ነገሮች ላይ አርፎ ነጥሮ የሚመለስ። ዛፍ መሞቁ መቀዝቀዙ ምንም አይለውጥም።

ቅጠል የሚነጣው ክሎሮፊሉ ይህን ብርሃን ስለማይበላው ነው። ብርሃኑ አረንጓዴውን አልፎ ይገባል። ቅጠሉ ውስጥ በአየር የተሞሉ እንደ ስፖንጅ ያሉ ክፍተቶች አሉ። እዚያ ተበታትኖ ተመልሶ ይወጣል። ዋንዛ ሰፊ ቅጠል ስላለው ያበራል። ጽድ ቅጠሉ ቀጫጭን ነው፣ በመካከሉም ጥላ ይበዛል፣ ስለዚህ ይጠቁራል። ይህን መጀመሪያ በፎቶ ያሳየው ሮበርት ዉድ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ በ1910 እ.ኤ.አ.። ጨረሩ መኖሩን ያወቀው ደግሞ ዊልያም ሄርሼል ነው፣ በ1800 እ.ኤ.አ.። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም ባሻገር፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ ሙቀቱ ከፍ አለ።

እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ኮዳክ ኤችአይኢ በሚባለው የኢንፍራሬድ ፊልም ነው። ፊልሙን ከጣሳው የማወጣው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ብቻ ነበር። የአንድ ክብሪት ብርሃን ይበቃዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቆሙ። ያኔ ልቤ አዘነ።

ልጄ የጥቅምት ብርሃን፣ የአንቺ ችግር የፎከስ ነው ባይ ነኝ። ኢንፍራሬድ ሌንስ ውስጥ እንደሌላው ብርሃን አይታጠፍም፤ ከሴንሰሩ ትንሽ አልፎ ነው የሚሰበሰበው። የ350ዲ ፎከስ የሚሠራው ግን በሚታየው ብርሃን ነው። አንቺ ተራራው ላይ ስታደርጊ ሴንሰሩ ላይ ተራራው ይደበዝዛል። ያንን ለመሸፈን አፐርቸር አጠበብሽ። አፐርቸር ስታጠቢ አቧራው ወጣ። የድሮ ሌንሶች ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ቀይ መስመር አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ለዚህ ነው የተቀረጸው። ፎከስ ካደረግን በኋላ ቀለበቱን ወደ ቀዩ እናዞር ነበር።

አራት ማዕዘን — ሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገሩን ከሥሩ ያዙት። እኔ አቧራውን ብቻ ነበር ያየሁት።

የጥቅምት ብርሃን፣ ይህን ሞክሪ። የቆርቆሮ አጥር ወይም በተርታ የቆሙ ግንዶች ፈልጊ። በሰያፍ ቁሚ። መካከለኛው ላይ ፎከስ አድርገሽ አፐርቸሩን ከፍተሽ አንሺ። ኮምፒውተር ላይ አጉልተሽ ስታዪው ከመካከለኛው ይልቅ ከኋላ ያለው ጥርት ካለ ጋሼ ያሉት ነው። ምን ያህል እንደሚያልፍ ካወቅሽ ከምትፈልጊው ቀረብ ያለ ነገር ላይ ፎከስ ታደርጊያለሽ። ያኔ ኤፍ 8 ይበቃሻል። ኤፍ 16 ለኢንፍራሬድ በራሱም ጥሩ አይደለም። ሞገዱ ረዥም ስለሆነ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ምስሉ ይለሰልሳል።

ሌላም ነገር አለ። የኢንፍራሬድ ራው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ) ፎቶ ሲወጣ የደበዘዘና ጠፍጣፋ ነው። ሁላችንም ኮንትራስቱን እንጎትተዋለን። ሰማዩን ስትጎትቺ አቧራውንም አብረሽ ትጎትቺዋለሽ። በተራ ፎቶ የማይታይ ቅንጣት እዚህ ጠጠር ያህላል። ኢንፍራሬድ የሚያነሳ ሰው ሴንሰሩን ከሌላው ሰው የበለጠ መንከባከብ አለበት የምለው ለዚህ ነው። መንከባከብ ማለት ግን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ማለት አይደለም። ሌንስ ስትቀይሪ ካሜራውን አጥፊ፣ አፉን ወደ መሬት አድርጊ፣ ነፋስ በሌለበት ቀይሪ።

ካርታ ሠሪው (ባሕር ዳር) — ሰኞ፣ ከቀኑ 9:00

እኔ ካሜራ የለኝም፤ የሳተላይት ምስል ነው ሥራዬ። የእምቦጩን ፎቶ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ ከላይ የምናየውን አንቺ ከዳር ቆመሽ አነሳሽው። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት 842 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ለይቶ የሚያይ ባንድ አለው። አንዱ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ውሃ ይህን ብርሃን ይውጠዋል፣ እምቦጭ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በዓይን ግን አረንጓዴው ከደፈረሰው ውሃና ከዳር ሣር ጋር ይምታታል።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ አርሶ አደሮችና ዓሣ አጥማጆች በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ደመና የሳተላይቱን ዓይን በሚጋርድበት ወቅት ከዳር የተነሳ እንዲህ ያለ ፎቶ ትልቅ ነገር ነው። ከቻልሽ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በየወሩ አንሺ። ቀኑንና ቦታውን ጻፊበት። ግን እባክሽ መጀመሪያ ነጥቦቹን አጥፊልን።

የጥቅምት ብርሃን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

አጥሩን ሞከርኩት። ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ሦስተኛው ግንድ ላይ ፎከስ አድርጌ አራተኛው ነው ጥርት ብሎ የወጣው። ትናንት ማታ ይህን ሳይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለካ ካሜራው አልተበላሸም።

የግድግዳውንም አነሳሁ። ኤፍ 16 ላይ 17 ነጥብ፣ ኤፍ 4 ላይ ሁለት ብቻ። አቧራ ነው ማለት ነው። አሁን አቧራውን በአየር የምነፋበት ማራገቢያ ከየት ላምጣ? እዚህ ካሜራ ዕቃ የሚሸጡት ጋ የለም።

አራት ማዕዘን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ፋርማሲ ሂጂና የሕፃን አፍንጫ መሳቢያውን የጎማ ፊኛ ግዢ። አዲስ ይሁን። አንዳንዱ ውስጡ ዱቄት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር ወረቀት ላይ ሃምሳ ጊዜ ያህል ንፊው። ወረቀቱ ላይ ምንም ካልወጣ ጥሩ ነው። ከወጣበት ተዪው።

ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ። መስኮት ዝጊ። ወለሉን ውሃ ረጭተሽ ጥቂት ቆዪ፣ አየር ላይ ያለው ይውረድ። ነጠላም ጋቢም አትልበሺ፣ ጥጥ ይረግፋል። ከዚያ ከሜኑው ውስጥ ሴንሰር ማጽጃውን ምረጪ። ከሌንሱ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ መስታወት ይነሳል፣ ሸተሩ (የሴንሰሩ መጋረጃ) ይከፈታል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ይዘሽ ከሥር ወደ ላይ ንፊ። የጎማው ጫፍ የሌንሱን ቀለበት አልፎ አይግባ። ስትጨርሺ ብቻ አጥፊው። መሀል ላይ ካጠፋሽው አንጸባራቂው መስታወት ይወርድብሻል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ፎቶው ላይ ከላይ ያለው ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች ነው። ግራና ቀኙ ግን ከፊት ለፊት ስታዪው አይገለበጥም። የሰማይሽ አቧራ ያለው ከሴንሰሩ ግርጌ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

እኔም 720 ነው የምጠቀመው። ንፊቱ ካልበቃ ስዋብ (የሴንሰር መጥረጊያ) ከእኔ ጋር አለ፣ 16 ሚሊሜትር፣ ለአንቺ ሴንሰር ልክ ነው። አንድ ዘመዴ በቅርቡ ወደ አገር ቤት ይገባል። አልኮል የሌለበትን ፈሳሽ እልክልሻለሁ፣ የሚቀጣጠለውን አውሮፕላን ላይ መያዝ ችግር ነው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ፦ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማመጣጠኛውን) ፀሐይ ከመታው ለምለም ሣር ላይ ውሰጂ። የኢንፍራሬድ ፎቶው ቅላት ይበርድልሻል። ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ላይ በቻናል ሚክሰር ቀዩንና ሰማያዊውን አለዋውጪ። ያኔ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ዛፉ ነጭ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ። ጣና በጥቁርና ነጭ ሌላ ነው።

አዲስ ጀማሪ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:20

ጋሼ ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ፣ ካሜራውን አልፈታም። ግን ሳይፈታ የሚሆን ነገር አለ?

የድሮ ፊልም — ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:00

አለ ልጄ። መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ካሜራው አዙረህ ተጫን። ስክሪኑ ላይ ሪሞቱ ጫፍ ላይ መብራት ከታየህ ካሜራህ ትንሽ ኢንፍራሬድ ያሳልፋል ማለት ነው። በስልክ ከሆነ የፊተኛውን ካሜራ ሞክር፣ ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል።

ከዚያ ፊልተር ያስፈልግሃል። ሆያ አር72 የታወቀው ነው፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ድሮ እንዲህ እናደርግ ነበር፦ ምንም ሳይነሳበት የታጠበ የስላይድ ፊልም ጥቁር ነው። ለዓይን ጥቁር፣ ለኢንፍራሬድ ግን መስኮት። ሁለት ቁራጭ ደርበህ ሌንሱ ፊት አድርገው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን። ፎከሱን ፊልተሩን ሳታደርግ አስተካክል። በጠራራ ፀሐይ በኤፍ 8 አንዱ ካሜራ 1 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ሌላው 30 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

አደራ፣ በዚህ ፊልተር ፀሐይን እንዳታይ። ለዓይን ጨለማ ስለሚመስል ብሌንህ ይከፈታል፤ ጨረሩ ግን ያልፋል። ዓይን ያጠፋል።

የጥቅምት ብርሃን — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2:45

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ላመሰግን።

በጎማ ፊኛው ብቻ 17ቱ ወደ አራት ወረዱ። ያን ቀን እዚያው ላይ አቆምኩ፣ ምክንያቱም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ስዋቡ ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ፣ የላክህልኝን አልረሳውም።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወለሉን ረጭቼ በመስኮቱ ብርሃን ተቀመጥኩ። ስዋቡ ጫፍ ላይ ሁለት ጠብታ አደረግሁ። ፈሳሹ እስኪሰርግ ትንሽ ጠበቅሁ። ውስጡን ሳየው ፊልተሩ ጥቁር ነው፤ እንደ ሻይ ቅጠል ውሃ ቀላ ያለ ነገር በላዩ ያልፋል። ከግራ ጠርዝ አስቀምጬ ሳላነሳ እስከ ቀኝ ጠርዝ ጎተትኩት። አገላብጬ በንጹሑ ጎን ተመለስኩ። ስዋቡን ጣልኩት። ጭረት የመሰለ እርጥበት ታየ፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ከዚያ በዓይኔ እያየሁት ደረቀ።

አንድ ነጥብ ቀርቷል። ከላይ በቀኝ በኩል፣ ትንሽ ግን ጥርት ያለ። ኤፍ 4 ላይም ይታያል። በሁለተኛ ስዋብ ልድገመው?

አራት ማዕዘን — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:00

አትድገሚው። አፐርቸር ተከፍቶም ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ ለሴንሰሩ በጣም ቅርብ ነው ማለት ነው። ፊልተሩ ሲቀየር ከመስታወቱ ሥር የገባ ይመስለኛል። ከላይ ሺህ ጊዜ ብትጠርጊ አይነካም። ለአንድ ነጥብ ብለሽ ጭረት እንዳታመጪ። ቦታው ስለማይለወጥ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ፎቶ አስተካክለሽ ማስተካከያውን ለሁሉም ማስተላለፍ ትችያለሽ።

አዲስ ጀማሪ — እሑድ፣ ከምሽቱ 4:10

እኔም ዜና አለኝ። ከአንድ የድሮ ፎቶ ቤት ጥቁር የስላይድ ፊልም ለመንኩና ሰጡኝ። 25 ሰከንድ ፈጀብኝ። ግቢያችን ውስጥ ያለው ማንጎ ነጭ ሆነ! ኮካ በብርጭቆ ቀድቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አነሳሁት፣ ልክ እንደ ውሃ ወለል ብሎ ወጣ። እናቴ አላመነችም፣ ብርጭቆውን ቀምሳ አረጋገጠች።

የጥቅምት ብርሃን — እሑድ፣ ከምሽቱ 4:30

ነጥቡን ትቼዋለሁ። ካርታ ሠሪው፣ ቅዳሜ ጎርጎራ እመለሳለሁ። ባለፈው የቆምኩበትን ድንጋይ በኖራ ምልክት አድርጌበታለሁ። በኤፍ 8፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ወደ ምሥራቅ። የመጀመሪያውን ወር ማታውኑ እለጥፋለሁ።